እህልም ወተትም የሌለው የበዓል ዱባ ፓይ፤ ከነገሌ ቦረና እስከ ፊልቱ ባለው ገበያ

በአማርኛ «እህል አልቀመሰም» ማለት ምንም አልበላም ማለት ነው። «እህል ውኃ» ሲባልም አብሮ መኖር፣ አብሮ መብላት ማለት ነው። ወደ ደቡብ ቆላ ሲወረድ ደግሞ የክብሩ ምግብ ወተት ይሆናል። በነገሌ ቦረና፣ በፊልቱና ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች እንግዳ ሲመጣ ወተት ወይም ወተት የገባበት ሻይ ይቀርባል። የቦረናና የጉጂ ቡና ቀላ የቡና ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ የሚዘጋጅ ነው። በሶማሌው ቤት ለኢድ የሚቀርበው ዶልሾ የስንዴ ዱቄት አለበት፤ ሐልዋውም ብዙ ጊዜ በቅቤ ይሠራል።

ታዲያ በሕመም ምክንያት እህልም ወተትም የተከለከለ ሰው በበዓል ቀን ምን ይቀመስ? ብዙውን ጊዜ ሻዩን ያለ ወተት ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይነሳል። አስተናጋጁም ቅር ይለዋል፣ እንግዳውም ይሳቀቃል። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የሚሆን፣ ከራሱ ከአካባቢው ገበያ በሚገኙ ነገሮች የሚዘጋጅ የዱባ ፓይ አሠራር ያቀርባል። ፓይ ማለት ከሥር እንደ ሳህን የሚጋገር ስስ ቅርፊት ኖሮት ውስጡ በጣፋጭ ነገር የሚሞላ መጋገሪያ ነው።

«እህል» ስንል

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ያሳስታል። ስንዴና ገብሱን እህል እንላለን፤ ባቄላና ሽንብራውን ጨምረን እህል እንላለን፤ ሰሊጥ፣ ኑግና ተልባንም «የቅባት እህሎች» እንላቸዋለን። በሌላው ዓለም «ያለ እህል» የሚባለው አመጋገብ የሚከለክለው ግን በዋናነት የሣር ወገን የሆኑትን ነው። እነርሱም ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሩዝ ናቸው። ሰሊጥና ተልባ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገቡም። ኦቾሎኒ ከጥራጥሬ ወገን በመሆኑ አንዳንዶች ይተዉታል፤ እነርሱ በምትኩ ሰሊጥ ወይም የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ መጠቀም ይችላሉ።

«ያለ እህል» እና «ያለ ግሉተን» አንድ አለመሆናቸውንም መለየት ይገባል። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ጤፍ እህል ነው፤ ግሉተን ግን የለውም። ስለዚህ ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ከስንዴ ጋር ያልተነካካ ጤፍ ሊበላ ይችላል። ከሁሉም እህል እንዲታቀብ የተነገረው ሰው ግን ጤፍም አይሆነውም። እንግዳዎ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ማን ያስፈልገዋል?

የመጀመሪያዎቹ ሴሊያክ ያለባቸውና በሐኪም ምክር ከእህል የታቀቡ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ወተት የማይስማማቸው ናቸው። በዓለም ላይ ከሦስት አዋቂዎች የሁለቱ ያህሉ ሰውነት ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የመፍጨት አቅሙ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። በአርብቶ አደር ሕዝቦች ዘንድ ግን ይህ አቅም በአዋቂነትም እንዲቀጥል የሚያደርጉ የዘር ለውጦች በብዛት ይታያሉ፤ በኢትዮጵያ በሶማሌና በአፋር ሕዝቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ አሳይተዋል። በመሆኑም የአገሬው ሰው በደስታ የሚጠጣው አንድ ጣሳ ወተት፣ ከሌላ አካባቢ ለሥራ የመጣውን መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ሆዱን ሊነፋው ይችላል።

እዚህ ላይ የግመል ወተት መድኃኒት ነው የሚለው አባባል እንዳያዘናጋ። የግመል ወተትም እንደ ላም ወተት ላክቶስ አለው። ለወተት ፕሮቲን አለርጂ የሆነ ሰው ደግሞ ማንኛውንም ዓይነት ወተት ያለ ሐኪም ምክር መሞከር የለበትም።

ሦስተኛዎቹ ጿሚዎች ናቸው። ለኦርቶዶክስ ጿሚ እህሉ አይከለከልም፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ግን ይከለከላሉ። ይህ በተለይ አሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ የሚመጣ ጉዳይ ነው። የዱባ ፓይ የሚበላበት የምስጋና ቀን እ.ኤ.አ. በ1863 በፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ብሔራዊ በዓል ሆኖ ታውጆ፣ በ1941 በኮንግረስ ሕግ የኅዳር (ኖቬምበር) ወር አራተኛ ሐሙስ ላይ ጸንቷል። ይኸውም ከ22ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይውላል። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ወይም 25 ይገባል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ዓመታት ፓዩ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ጾሙ ገብቷል።

ለምን ዱባ?

የዱባ መነሻ የአሜሪካ አህጉር ነው። እ.ኤ.አ. በ1796 የታተመው የአሚሊያ ሲመንስ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ዱባን ከወተት ወይም ከክሬም፣ ከእንቁላል፣ ከዝንጅብልና ከሌሎች ቅመሞች ጋር በሊጥ ላይ ስለመጋገር ይናገራል። የዛሬው ፓይ ከዚያ ብዙም አልራቀም። ሊጡ ስንዴ፣ ውስጡ ወተት ነው። የእኛ ሥራ ሁለቱን መተካት ነው።

ዱባ ለቆላ ከተማ የሚመች መሆኑ ደግሞ ሌላው ጥቅም ነው። በደንብ የበሰለና እንጨቱ ያልተነቀለ ዱባ ነፋሻና ደረቅ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ያለ ማቀዝቀዣ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምትኮቹ ከየት ይገኛሉ?

ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ነገሌ ቦረና፣ ከሻሸመኔ ተነስቶ በሲዳማ ደጋ፣ በቦሬና በክብረ መንግሥት በኩል የሚወርደው መንገድ ይደርስባታል። ይህ መንገድ የሚያቋርጠው ደጋ የእንሰት አገር ነው። ከእንሰት የሚገኘው ቡላ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ከተፋቀው እንሰት የሚጨመቀው ፈሳሽ ሲረጋ ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ነው። እህል አይደለም፣ ጥራጥሬም አይደለም፤ ሲበስል ግን እንደ ሙጫ ይያያዛል። በገንፎነት የሚያውቀው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከነገሌ ወደ ምሥራቅ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው የሊበን ምድር ላይ ፊልቱ ትገኛለች። የሶማሌ ሻይ የሚፈላው በቀረፋ፣ በሔል፣ በቅርንፉድና በዝንጅብል ነው። የዱባ ፓይ ቅመም ማለት እነዚሁ ናቸው ማለት ይቻላል። ለረመዳን ማፍጠሪያ የሚገዛው ቴምር የስኳርን ቦታ ይይዛል። ለእንቁላል ምትክ ደግሞ ሩቅ አንሄድም፤ በውኃ የተበጠበጠ የተፈጨ ተልባ አለ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ8 ሰው፣ 23 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው መጋገሪያ)

ለቅርፊቱ፦
- ተቆልቶ የላመ ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ፣ ወይም ግማሽ በግማሽ፣ 200 ግራም
- ደረቅ የቡላ ዱቄት 80 ግራም
- ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ
- የተፈጨ ተልባ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ የቆየ
- ቁንጥር ጨው

ለውስጡ፦
- የተቀቀለና የላመ ዱባ 500 ግራም (ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከሩብ ጥሬ ዱባ ይወጣል)
- የሰሊጥ ወይም የኦቾሎኒ ወተት 200 ሚሊ ሊትር
- ፍሬው የወጣ ቴምር 150 ግራም፣ በሙቅ ውኃ ለስልሶ የተፈጨ (ወይም ስኳር 110 ግራም)
- እንቁላል 2፤ ለጾም ከሆነ በምትኩ የቡላ ዱቄት 35 ግራምና የተፈጨ ተልባ 1 የሾርባ ማንኪያ
- የተፈጨ ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ዝንጅብል ግማሽ፣ ሔል ወይም ኮረሪማ ሩብ፣ 3 ፍሬ የተወቀጠ ቅርንፉድ፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ

የሰሊጡን ወተት ለማዘጋጀት 100 ግራም ሰሊጥ ለጥቂት ሰዓት ነክሮ ከ250 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር መፍጨትና በንጹሕ ነጠላ ማጥለል ይበቃል። የሱፍ ውኃ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ባለሙያ ለዚህ አዲስ አይደለም።

አሠራር

1. ዱባውን ቆራርጦ በእንፋሎት ማብሰል ይመረጣል። ውኃ ውስጥ ከተቀቀለ በወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ይንጠፍጠፍ። ውኃ ያዘለ ዱባ ፓዩ እንዳይረጋ የሚያደርግ ዋናው ምክንያት ነው።

2. የቅርፊቱን ዕቃዎች አንድ ላይ ማሸት። በእጅ ሲጨበጥ ካልተያያዘ አንድ ማንኪያ ውኃ መጨመር። ይህ ሊጥ ግሉተን ስለሌለው በመዳመጫ አይዘረጋም፤ ዘይት በተቀባ መጋገሪያ ላይ በጣት እየተጫኑ ታችና ጎኑን ማልበስ ነው። በ175 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ12 ደቂቃ ብቻውን ይጋገር።

3. እንቁላል ለሚጠቀም፣ የውስጡን ዕቃዎች በሙሉ መትቶ ቅርፊቱ ላይ ማፍሰስና ከ45 እስከ 50 ደቂቃ መጋገር። ዳሩ ረግቶ መሐሉ በትንሹ ሲንቀጠቀጥ ይውጣ።

4. ለጾም የሚጋግር ቡላውን በቀዝቃዛው የሰሊጥ ወተት በጥብጦ፣ ከዱባው፣ ከተልባውና ከቅመሙ ጋር በለስላሳ እሳት ላይ እንደ ገንፎ እስኪወፍር ያማስል። ከዚያ ቅርፊቱ ላይ አፍስሶ ለ30 ደቂቃ ይጋግር።

5. ሁለቱም ዓይነት ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መቆረጥ የለበትም። በተለይ የጾሙ በቡላ ስለሚረጋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል።

ኦቨን በሌለበት

ድፎ ዳቦ በከሰል የጋገረ ሰው ፓይ መጋገር ይችላል። ወፍራም የብረት ድስት ሥር ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ደረቅ አሸዋ ይደረጋል። ድስቱ ለሩብ ሰዓት ከጋለ በኋላ መጋገሪያው በላዩ ይቀመጥና በብረት ክዳን ይከደናል። ከሰሉ ከታች አንድ እጅ፣ ከላይ ሁለት እጅ ይሁን። ከታች ከበዛ ሰሊጡ ቶሎ ያርራል፤ ያረረ ሰሊጥ ደግሞ ይመራል። ክዳኑን አዘውትሮ መክፈት ሙቀቱን ያጠፋልና ከ35 ደቂቃ በፊት ባይከፈት ይመረጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል መጋገር የመታፈን አደጋ ስላለው ውጭ ወይም በር ተከፍቶ ይሠራ።

ጥንቃቄዎች

ሴሊያክ ላለበት ሰው ትልቁ አደጋ ወፍጮ ቤት ነው። ስንዴ የፈጨ ወፍጮ ቡላውንም ቅመሙንም ይበክላል። በመሆኑም ሰሊጡ፣ ቅመሙና ተልባው በታጠበ የቤት ሙቀጫ ወይም መፍጫ ቢዘጋጁ ይሻላል።

የተነጠረ ቅቤ ያው የወተት ውጤት ነው። አንዳንድ ማርጋሪኖች፣ እንዲሁም ለሻይ የሚሆኑ «ወተት አልባ» የሚባሉ ዱቄቶች ሳይቀሩ ኬዚን የተባለ የወተት ፕሮቲን ሊኖርባቸው ስለሚችል መለያቸው ይነበብ።

ጥሬ ዱባው ሲቀመስ የሚመር ከሆነ ይጣል፤ መራራነቱ በማብሰል የማይጠፋ መርዛማ ንጥረ ነገር ምልክት ነው። የሻገተ ወይም የተጨማደደ ኦቾሎኒም አፍላቶክሲን ሊኖረው ይችላል፤ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። እንግዶች ለኦቾሎኒና ለሰሊጥ አለርጂ መሆን አለመሆናቸው አስቀድሞ ይጠየቅ።

እንቁላል ያለበት ፓይ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ቀን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ስለዚህ በቆላ ጠዋት ጋግሮ በጥላ አቀዝቅዞ እስከ ማታ ለሚያቆይ ሰው እንቁላሉ አይመከርም። የጾሙ ዓይነትም ቢሆን በዕለቱ ይበላ።

በመጨረሻም «ያለ እህል» ማለት ለስኳር ሕመምተኛ የተፈቀደ ማለት አይደለም። ቡላ ስታርች ነው፣ ቴምርም ስኳር ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ፓይ እንደማንኛውም ኬክ ቆጥሮ በትንሹ ይቅመስ።

በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ብዙ ከብት ሲያልቅ፣ ያለ ወተት መዋል የሕመምም የጾምም ጉዳይ አልነበረም። ያን ጊዜ ያየ ሰው በማዕዱ ላይ ወተት ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ይህ አሠራር ወተቱንም እህሉንም ከበዓሉ ለማስወጣት የቀረበ አይደለም። ዶልሾውም፣ ሐልዋውም፣ ድፎውም በቦታቸው ይሁኑ። ከእነርሱ አጠገብ አንድ ሳህን የዱባ ፓይ ቢጨመር፣ እስከዛሬ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ይነሳ የነበረው እንግዳ «እህል ሳይቀምስ» ከቤታችን አይወጣም።