የባቄላ ሕመምና የገበሬው ጥበብ

በኢትዮጵያ ደጋ አገር ባቄላ የጾም ቀለብና የመሬት ማደሻ ነው። ከእርሱ ሽሮ፥ ክክና ስልጆ ይሠራል፤ ሥሩም ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያገኝ፥ በሚከተለው ዓመት ለሚዘራው ስንዴና ገብስ ማሳውን ያዳብራል። ስለዚህ ባቄላ በታመመ ጊዜ የአንድ ዓመት እህል ብቻ ሳይሆን የሚመጣውም ዓመት አዝመራ አብሮ ይጐዳል።

ከሕመሞቹ ዋነኛው ቅጠሉን በቡናማ ነጠብጣብ የሚወርሰው ነው። ይህንም የሚያመጣው ቦትሪቲስ ፋቤ የተባለው ፈንገስ፥ በማሳው ላይ በቀረው ቃርሚያ ተደብቆ ይቈያል፤ ክረምቱ ርጥብና ጭጋጋም ሲሆን በነፋስ ተነሥቶ ከተክል ወደ ተክል ይዛመታል።

ለፈንገስ ሕመም ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ከመዳብ ጨውና ከኖራ የሚቀመመው የቦርዶ ውሕድ ነው። በፈረንሳይ አገር የሜዶክ ገበሬዎች በመንገድ ዳር ያለውን ወይን መንገደኛ እንዳይቀጥፍባቸው ይህን ይረጩበት ነበር። በ1882 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ሚላርዴ የተባለው ሊቅ ያልተረጨው ወይን ቅጠሉን ሲያረግፍ የተረጨው ግን ጸንቶ እንደ ቈየ ተመለከተ፤ ነገሩንም መርምሮ በ1885 አሳተመ። እንግዲህ የርጭቱ ጥበብ ራሱ የተገኘው ከገበሬ ልማድ ነው።

የኢትዮጵያም ገበሬ መድኃኒት የሚረጭበት መሣሪያ ሳይኖረው ሁለት ልማዶችን ጠብቆ ኖሯል፤ እነርሱም ማሳን ማፈራረቅና ዘርን ቀላቅሎ መዝራት ናቸው። ይህን ሲያደርግ ሕመምን ብቻ አስቦ ነው ማለት አይቻልም፤ የመሬቱን ልምላሜና አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ መሻቱን ጭምር ነው። ሆኖም ማፈራረቁ ፈንገሱን የሚመገበውን ተክል ይነሣዋል። መቀላቀሉም ባዕድ ተክል በመካከል ስለሚያቆም መዛመቱን ሊያዘገይ ይችላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ተደርጎ በ2008 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የታተመ ምርመራ፥ ባቄላ ከበቆሎ ጋራ ሲዘራ ሕመሙ በጉልህ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ከአተርና ከገብስ ጋራ ሲሆን ግን ያን ያህል አልረዳም። ስለዚህ ልማድ ሁሉ እኩል መድኃኒት አይደለም፤ እያንዳንዱ መፈተን ይገባዋል።

የልማድም ኀይል ወሰን አለው። ከ2010 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ገደማ ጀምሮ በሰሜን ሸዋና በሌሎችም የደጋ አገሮች የተስፋፋው ቆርምድ የተባለው የባቄላ ሕመም ለገበሬው አዲስ ነበር፤ ለአዲስ ሕመም ደግሞ ከአባቶች የተወረሰ መላ አይገኝም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕመሙን የሚቋቋም ዘር መምረጥና መድኃኒቱን በልክ መጠቀም የተመራማሪው ድርሻ ይሆናል።

የሜዶክ ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ገበሬው ያደረገውን ሊቁ ባያስተውለው ኖሮ፥ ያ ርጭት የሌባ ማስፈራሪያ ሆኖ በቀረ ነበር። የደጋው ገበሬ ልማድም ተመዝግቦና ተፈትኖ ካልቈየ፥ ጥቅሙ የሚታወቀው ከጠፋ በኋላ ይሆናል።