የስልጆ ማሰሮ
ሸክላ፤ ወግዲ፣ ደቡብ ወሎ

ጎንበስ ብለው ውስጡን ይመልከቱ፦ ከአንገቱ በታች የቀረው ቢጫ ቀለበት የሰናፍጭ ነው። በዚህ ማሰሮ የሚቦካው ስልጆ የጾም፣ በተለይም የ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ምግብ ነው።

ሱፉ ተለቅሞ በለስላሳ እሳት ይታመሳል፤ ይወቀጣል፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል። ወተት የመሰለው ውሃ ተጥዶ የደጋው ባቄላ ዱቄት እየተነሰነሰበት ይማሰላል። እንደ ገንፎ ሲወፍር ይወርዳል፤ ሲበርድ የሰናፍጭ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይገባበታል። ከዚያ ማሰሮው ተከድኖ ለቀናት ይቀመጣል።

በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ላክቲክ አሲድ ሲያመነጩ ስልጆው ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው አፍንጫን ይሰነፍጣል። ሥጋና ወተት በማይቀመስበት ወቅት ባቄላው ገላን የሚገነባውን ምግብ ይተካል።

ኮሪያውያንም ጎመንን በጨው፣ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አሽተው በሸክላ ጋን ሲያቦኩ ኖረዋል፤ ኪምቺ ይሉታል። ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ ለብርዱ ወራት ኪምቺ የሚያዘጋጅበት የደቡብ ኮሪያ ባህል፣ ኪምጃንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

የስልጆ ልክ በመጽሐፍ ሳይሆን በእናቶቻችን እጅ ይታወቃል። ከዚህ ሲወጡ እናትዎን ወይም አያትዎን አሠራሩን ይጠይቁ፤ ሲሠሩም አብረዋቸው ያማስሉ።