ባሪያውና መዥገሩ

ተረት የልጆች ማስተኛ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ የጥንት ግሪኮችን እጠቅስለታለሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ የኖረው ባለቅኔ ሄስዮድ፣ የፓንዶራን አፈ ታሪክ በተረከበት በዚያው ግጥሙ፣ ዘማሪቷን ወፍ በጥፍሩ ይዞ ስለሚበርር ጭልፊት ለነገሥታት ያወጋቸዋል። የአማልክቱ ገድልም የአዕዋፉ ተረትም ከአንድ አፍ ወጥተዋል።

ሄሮዶቱስ፣ ኤዞፕ በሳሞስ ደሴት ባሪያ እንደ ነበር ጽፏል። አርስቶትል ደግሞ ይህን ይነግረናል፦ በሳሞስ አንድ የሕዝብ መሪ ሞት በሚያስፈርድ ክስ በቀረበ ጊዜ ኤዞፕ በተረት ተሟገተለት። ቀበሮ ወንዝ ስትሻገር ገደል ገብታ መውጣት ተሳናት፤ መዥገርም ወረራት። ጃርት አዝኖላት «ልንቀልልሽ?» ቢላት፣ «ተወኝ፤ እነዚህ ጠግበዋል፤ ብትነቅላቸው የተራቡ ሌሎች መጥተው የተረፈኝን ደም ይጨርሱታል» አለችው። ይህ ሰው ባለጸጋ ሆኗል፤ ብትገድሉት ያልጠገበ ተተክቶ የቀረውን የሕዝብ ሀብት ይዘርፋል ማለቱ ነበር።

እኔ ምክሩን አልቀበልም፤ የጠገበ መዥገርም ነገ ይራባል። የተረቱን ጥበብ ግን አደንቃለሁ፤ ኤዞፕ ጠበቃ ሆኖ ቆሞ ሹሙን በአደባባይ መዥገር ብሎታልና።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዓመተ ምሕረት የኤዞፕን ተረቶች በላቲን የገጠመው ፌድሩስ ራሱ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ነበር። ተረት የተፈጠረው ባሪያ የልቡን በግልጥ ለመናገር ስለማይደፍር ነው ይለናል። ሰምና ወርቅ ያሳደገው አንባቢ ለዚህ ፍቺ አያሻውም።