አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ድምፅ

ሠርግ ላይ አይታችኋል። ኪቦርዲስቱ ብቻውን ቆሟል። በግራ እጁ ቤዝ ይመታል፣ በቀኝ እጁ ፒያኖና ስትሪንግ አንድ ላይ ያንቆረቁራል። ባንዱ የት አለ ብላችሁ ዞር ዞር ስትሉ ባንዱ እሱ ራሱ ነው። ይኼን የሚያስችሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሌየር ነው፦ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁለትና ከዚያ በላይ ድምፆች ተደርበው ይወጣሉ። ሌላው ስፕሊት ነው፦ የቁልፎቹ ረድፍ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጥና ከቁርጡ በታች አንድ መሣሪያ፣ ከቁርጡ በላይ ሌላ መሣሪያ ይሆናል። ፕሪሴት የምንለው ደግሞ ይኼን ሁሉ ቅንብር በአንድ ስም አስቀምጦ በአንድ በተን የሚጠራውን ነው።

እኔ መተዳደሪያዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ነገሩን ያየሁት በራሴ መነጽር ነው። ዲጂታል ፒያኖ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ ቁጥር አለው። የመሐሉ ዶ 60 ነው፤ ባለ 88 ቁልፉ ፒያኖ ከ21 ጀምሮ 108 ላይ ያበቃል። ፕሪሴቱ እንግዲህ ተራ ሰንጠረዥ ነው። ቤዝ ከ21 እስከ 47፣ ፒያኖ ከ48 እስከ 108፣ ስትሪንግ ከ60 እስከ 108፣ በቃ። ክልሎቹ ካልተነካኩ ስፕሊት ነው፤ ከተደራረቡ ሌየር ነው። መመሪያ መጻሕፍቱ በሁለት ምዕራፍ የሚያስተምሩት ነገር ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ነው፦ «ይህ ቁጥር በየትኛው ክልል ውስጥ ወደቀ?»

ሐሳቡ ግን ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የቤተ ክርስቲያን የቧንቧ ኦርጋን ገና ከጥንቱ ሌየር ያውቃል። ነፊው ከጎኑ ያሉትን መሳቢያዎች በሳበ ቁጥር ሌላ የቧንቧ ረድፍ ይከፈትና አንዱ ቁልፍ ብዙ ቧንቧ ያስጮኻል። ስፕሊትን በተመለከተ ግን እኔ የምወደው ታሪክ የስፔን ነው። ባለ ሁለት ረድፍ ኦርጋን ውድ ነበር፤ ብዙ ደብሮች ያላቸው ባለ አንድ ረድፉ ነው። ስለዚህ የስፔን ሠሪዎች መሳቢያዎቹን ለሁለት ከፈሏቸው፦ የቤዙ መሳቢያ ለብቻ፣ የላይኛው ለብቻ። ቁርጡ የመሐሉ ዶ ላይ፣ በዶና በዶ ዲየዝ መካከል ነበር። በ1626 ፍራንሲስኮ ኮሬያ ደ አራውሆ ባሳተመው የኦርጋን መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ለተከፈለ ኦርጋን ብቻ የተጻፉ ብዙ ድርሰቶች አሉ። አንዱ እጅ በደማቁ ድምፅ ዜማውን ይዞ ይወጣል፣ ሌላው በለስላሳው ያጅበዋል። አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል እኮ! ምክንያቱም ያው የዛሬው ነው፤ ሁለተኛ መሣሪያ የሚገዛበት ገንዘብ የለም።

ከዚያ አኮርዲዮን መጣ። በ1829 ቪየና ውስጥ ፈቃድ የወጣለት ይህ መሣሪያ ለኔ ከትከሻ የሚንጠለጠል የመጀመሪያው ስቴጅ ፒያኖ ነው። ቀኝ እጅ ዜማ፣ ግራ እጅ ቤዝና አጃቢ፤ መካከሉ ደግሞ መናፍ። ትልልቆቹ ላይ ከቁልፎቹ አጠገብ ያሉት ትንንሽ ማብሪያዎች የትኞቹ ምላሶች አብረው እንደሚጮኹ ይመርጣሉ። ስፕሊቱም ሌየሩም እዚያው አለ ማለት ነው። ለአገራችን ጆሮ ደግሞ አኮርዲዮን እንግዳ አይደለም፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ስልሳዎቹ ውስጥ ስፕሊትን በገዛ እጁ ገጣጥሞ የሠራው የዶርስ ባንዱ ሬይ ማንዛሬክ ነው። ባንዱ መድረክ ላይ ቤዚስት አልነበረውም። ማንዛሬክ ቮክስ ኮንቲኔንታል ኦርጋኑ ላይ ትንሿን የፌንደር ሮድስ ፒያኖ ቤዝ ደረባትና በግራ እጁ የቤዚስቱን ሥራ ጠቀለለው። ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ገመድ፣ አንድ ሰው።

ሁለቱን ዕቃዎች አንድ ሣጥን ውስጥ የመክተቱ ነገር ሰማንያዎቹ ላይ ደረሰ፤ ዋጋውም እዚያው ላይ ይታያል። በ1981 የወጣው የሮላንድ ጁፒተር 8 በአንድ ጊዜ ስምንት ኖታ ማሰማት ይችላል። ሁለት ድምፅ ከደረባችሁበት ግን ስምንቱ አራት ይሆናሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውስጡ ያሉት ስምንት የድምፅ ሠራተኞች ናቸው፣ ሌየር ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሠራተኛ ይመድባል። አምስተኛውን ቁልፍ ስትነኩ ትርፍ ሰው ስለሌለ ማሽኑ ከሚጮኹት አንዱን ቆርጦ ይወስዳል። በ1987 የመጣው ዲ 50 አሥራ ስድስት ነበረው፤ ሲደረብ ስምንት። በ1988 የመጣው የኮርግ ኤም 1 ደግሞ «ኮምቢኔሽን» ብሎ እስከ ስምንት ድምፅ ማዳቀል ፈቀደ። ጠቅላላ ሠራተኛው ግን አሥራ ስድስት ነው፤ ስምንቱንም አንድ ቁልፍ ላይ ብትከምሩ ሁለት ኖታ ብቻ ይቀርላችኋል። ፔዳል ረግጦ መጫወትማ አይታሰብም። ዛሬ ቁጥሩ መቶዎችን ስላለፈ ማንም አይጨነቅም። ለኔ ግን የዚያን ዘመን ኪቦርዲስቶች ቁጥብነት የሚያስረዳኝ ይህ ነው፤ ብዙ ጣት ማስቀመጥ ዋጋ ነበረው።

በ1983 ሚዲ ሲመጣ የሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች መነጋገር ቻሉ። በዚያ ዓመት ጥር ወር አሜሪካ በተደረገ የሙዚቃ ዕቃ ትርኢት ላይ ፕሮፌት 600 እና ጁፒተር 6 በገመድ ተያይዘው ታዩ። ከዚያ ወዲያ አንዱን መንካት ሌላውንም መንካት ሆነ፤ ሌየር ከሣጥኑ ወጣ።

አሁን ወደ አኮርዲዮኑ ልመለስ። አንጋፋው ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ሰዓት እላፊው ስለሚከለክል ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው ያመሽ ነበር። ባንዱ ሙሉ ነበር፦ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ድራም። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከፊሎቹ ወደ አገር ተመለሱ፣ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሺንግተን ውስጥ ኃይሉ አንድ ካሴት ለብቻቸው ቀረጹ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግ፣ የያማሃው ዲኤክስ 7 እና የድራም ማሽን፤ ሁሉንም የሚጫወቱት አንድ ሰው ናቸው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ እሳቸው ግን በመካከሉ ለዓመታት ታክሲ ሲነዱ ነበር።

ዲኤክስ 7 ስፕሊትም ሌየርም የለውም። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ኃይሉ የደረቡት በቴፕ ነው፤ አንዱን ቀርጾ በላዩ ሌላውን። ለኔ ትልቁ ልዩነት ይኼ ነው። ፕሪሴት ላይ ያለ ሌየር አንድ ዜማ በሁለት ቀለም ይቀባል፤ ስትሪንጉ ፒያኖው በሄደበት ሁሉ እንደ ጥላ ይከተላል። ቴፕ ላይ ግን ሙጉ የራሱን ይላል፣ አኮርዲዮኑ የራሱን ይላል፣ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይገባል። ሰው የለም፣ ውይይት ግን አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ከሰማንያዎቹ ወዲህ በአገራችን ካሴቶችም ሆነ በምሽት ቤቶች የትንፋሽ መሣሪያው ቀስ በቀስ ቦታውን ለኪቦርድ ለቀቀ። ሰዓት እላፊው፣ ስደቱ፣ የአንድ ሰው ክፍያ ከሰባት ሰው ክፍያ ማነሱ ተደራርበው ነው እንጂ ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም። ሆኖም ትራምፔት፣ ሳክስፎንና ትሮምቦን ሦስት የተለያየ መስመር ይነፉ ነበር። የ«ብራስ» ፕሪሴት ሦስቱንም ድምፅ አንድ ጣት ላይ ጭኖ አንድ መስመር ያደርጋቸዋል። ደምቋል፣ ግን ሁለት መስመር ጠፍቷል። ብዙ ሰው «የድሮው ሙዚቃ ነፍስ ነበረው» ሲል ይኼንኑ እየሰማ ይመስለኛል። ነፍስ የሚለው ቃል ለኔ ትንሽ ይሰፋኛል፤ የጎደለው ቁጥር ያለው ነገር ነው።

ፕሪሴት ሳዘጋጅ ታዲያ ብራስ ከፒያኖ ጋር አልደርብም፤ ለብራሱ ከላይ ትንሽ ክልል ቆርጬ እሰጠውና በተራው እንዲገባ አደርጋለሁ። ፔዳሉን ለቤዙ እዘጋለሁ፣ አለበለዚያ ፒያኖውን ለማስረዘም ስረግጥ ቤዙም አብሮ ይጨቀያል። የድምፅ ማጠፊያውንም እንዲሁ፤ ብራሱን ሳንሸራትት ቤዙ አብሮ መንሸራተት የለበትም። ትዝታ ከዶ ስጫወት ደግሞ 47 ላይ ያለው ቁርጥ አይሆነኝም። ቤዙ ከላ ተነሥቶ ዶ ላይ ሲያርፍ ዶው 48 ስለሆነ ፒያኖ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቁርጡን ወደ 51 አወጣዋለሁ፤ ቀኝ እጄ ከሚ ይጀምራል። ዘፋኙ «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ካለኝ ትራንስፖዝ እጫናለሁ። ጣቴ ከቦታው ስለማይነቃነቅ፣ በኔ ፒያኖ ቁርጡም እዚያው ይቆያል።