ብርድ የመረጠው እርሾ

የላገር ቢራ እርሾ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከኮፐንሃገን ነው። በ1883 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተባዛ ንጹሕ እርሾ ለየ፤ ፋብሪካውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር በእሱ መጥመቅ ጀመረ። ከዚያ በፊት ጠማቂው በዘልማድ ይሠራ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን እርሾውን እያወቀ ይመርጥ ጀመር ይባላል። ወሬው ሐሰት የለበትም፤ ጉድለቱ ከመካከል መጀመሩ ነው። ሃንሰን በአጉሊ መነጽር ያያቸው እርሾዎች አስቀድሞ ተበጥረው ያለፉ ነበሩ፤ የበጠራቸውም የባቫሪያ ብርድ ነው።

በ1553 የባቫሪያው መስፍን አልብሬክት 5ኛ ከጊዮርጊስ በዓል እስከ ሚካኤል በዓል፣ ማለትም ከኤፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29፣ ቢራ እንዳይጠመቅ ከለከለ። በሙቀት ወራት የተጠመቀ ቢራ ቶሎ ይበላሽ ነበርና ለጠማቂው የቀረለት የብርዱ ወቅት ብቻ ሆነ። ተራው የቢራ እርሾ በቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ይለግማል፤ በ10 ዲግሪ አካባቢ ሥራውን የማያቋርጠው ግን ይበዛል። የእንጀራ ሊጥ በትናንቱ እርሾ እንደሚቦካ ሁሉ አዲሱ ጥምቅ የሚነሣው ከቀደመው አተላ ነበርና፣ ብርድ የቻለው ዘር ከዓመት ዓመት ሌላውን እየገፋ ቦታውን ያዘ። ስለ ቢራ ንጽሕና የወጣው የ1516ቱ ሕግ ገብስን፣ ሆፕስንና ውኃን ሲጠራ እርሾን አላነሣም፤ ስሙን እንኳ ያልጠሩትን ነገር መርጠውታል ማለት ይከብዳል። ብርድ የቻለው ይህ የላገር እርሾ የሁለት ዘሮች ድቅል ነው። አባቷን ሲጠይቋት የፈረስ ዘመዷን እንደምትጠራው በቅሎ፣ እሱም ለረጅም ጊዜ በተራው የቢራና የዳቦ እርሾ ወገኑ ብቻ ሲታወቅ ኖረ። ብርድ መቻልን ያወረሰው ሌላው ወላጅ በደቡብ አሜሪካ በፓታጎንያ ደን ውስጥ መገኘቱ የተገለጸው በ2011 ነው።

ሃንሰን ራሱ መርጦ የለ ወይ የሚል ይኖራል። መርጧል። የካርልስበርግ መሥራች ያኮብሰን በ1845 ሙኒክ ከሚገኘው ሽፓተን ጠመቃ ቤት እርሾ ይዞ ሲመለስ፣ ሠረገላው በቆመበት ሁሉ እንዳይሞቅበት ውኃ እያፈሰሰ ነበር የተጓዘው። ሃንሰን በፋብሪካው እርሾ ውስጥ የተቀላቀሉ ዘሮችን አገኘና ጥሩ ቢራ የሚሰጠውን ለየ፤ ካርልስበርግም ግኝቱን ምሥጢር አድርጎ አላስቀረውም፤ ይህ በእኔ ሚዛን ከግኝቱ አያንስም። ነገር ግን የመረጠው ብርዱ ካስቀረለት ውስጥ ነው። እርሾው ሳትስ ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ ቅዝቃዜ ይችላል እንጂ ማልቶትራዮዝ የተባለውን የብቅል ስኳር አይበላም።

የበለጠው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መራጩ ብርድ ከሆነ ዛሬ ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠምቁት ፍሮህበርግ በተባለው ወገን፣ ሞቅ ያለ ቦታን በሚታገሠውና ማልቶትራዮዝን በሚበላው፣ ለምንድን ነው? መልሱ የካርል ሊንደ ማቀዝቀዣ ይመስለኛል። በ1870ዎቹ፣ ያውም በዚያው በሽፓተን፣ ሥራ የጀመረው መሣሪያ ብርድን በገንዘብ የሚገዛ ነገር አደረገው። ብርድ ወጪ ሲሆን ቶሎ የሚጨርስና ስኳር የማያስተርፍ እርሾ ይፈለጋል። መራጩ ተለወጠ እንጂ ምርጫው ያኔም ዛሬም የሚከተለው የጠመቃውን ቦታ ነው።

በቤቱ ላገር የሚጠምቅ ሰው በደረቅ መልኩ የሚያገኘው 34/70 የተባለው የቫየንሽቴፋን እርሾ ከዚሁ ከፍሮህበርግ ወገን ነው። እርሾ ከመግዛትዎ በፊት ግን ቴርሞሜትር ይግዙና ቢራው የሚብላላበት ክፍል በሌሊትም በቀንም ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ይለኩ።