ከእንጀራ ቀጥሎ፦ የአርመን ስደተኞችና የመተዳደሪያ ጥያቄ



«አርባ ልጆች» የሚለው ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም ተጠልለው የነበሩ ሙት ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ፤ አርባውንም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ለእነዚህ ልጆች መተዳደሪያ የሆናቸው ከስደት ቤት ይዘውት የወጡት ሙያ ነው።

የልጆቹን ታሪክ ለመረዳት ወደ መነሻው እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ የደረሰው እልቂት የተረፉትን ወደ ሶርያ፣ ሊባኖስና ፍልስጥኤም በተናቸው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የተቋቋመውና በኋላ «የቅርብ ምሥራቅ እርዳታ» የተባለው ድርጅት፣ አብያተ ክርስቲያናትን ጭምር አስተባብሮ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ሙት ልጆችንም ረዳ። በሊባኖስ፣ ጋዚር በተባለች ከተማ፣ አርመናውያን ልጃገረዶች የሠሩት ምንጣፍ በ1925 ለፕሬዚዳንት ኩሊጅ የምስጋና ስጦታ ሆኖ ተበረከተ።

ምንጣፉ ድንቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ለረጂ የሚቀርብ ምስጋናና የራስ መተዳደሪያ የተለያዩ ናቸው። ይህን ልዩነት ጠንቅቀው የተረዱ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ዴንማርካዊቷ ሚሲዮናዊት ካረን ዬፔ። ዬፔ እ.ኤ.አ. በ1921 በአሌፖ ሥራ ጀምረው፣ በመንግሥታት ማኅበር ተወካይነት፣ በእልቂቱ ዘመን ተወስደው በየቤቱ የቀሩ ሴቶችንና ሕፃናትን እየተቀበሉ አስጠለሉ፤ የጥልፍ ሥራም አቋቋሙላቸው። ከዚያም ከአንድ የበደዊን ሼክ ጋር ተስማምተው መሬት አገኙ፤ አርመን ገበሬዎችም በዚያ መንደር መሥርተው ማረስ ጀመሩ።

በእኔ አስተያየት ከዬፔ ሥራዎች ሁሉ የሚልቀው ይህ ስምምነት ነው። ተፈናቃይ ኑሮውን እንደገና የሚያቆመው በሌላ ሰው አገር ላይ ነውና፣ ባለ አገሩ ካልተቀበለው በሬም ዘርም ብቻቸውን አያጸኑትም።

ዛሬም በአገራችን ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ወገኖች አሉ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነች ሌላ ረድኤት ሰጪ፣ ስንት ኩንታል እህል እንዳከፋፈለ ሲዘግብ፣ ተረጂዎቹ በማን መሬት፣ ከየትኛው ጎረቤት ጋር ተስማምተው እንደሚያርሱም ሊጠይቅ ይገባዋል። የተራበ ሰው አስቀድሞ ይብላ፤ ከእንጀራው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ይህ ነው።