በእሳተ ገሞራ መሬት የናሙና ማድረቅ ጉዳይ

በጢስ ዓባይ ውሃው የሚወረወርበት ጥቁር ዓለት ቀድሞ ከከርሠ ምድር ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት ሲሆን፥ ከዚያ በስተ ደቡብ ምዕራብ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት ቀይ አፈርም የባዛልት ልጅ ነው። ይህን አፈር ለመመርመር የተለመደው ሥርዓት ናሙናውን በጥላ አስጥቶ ማድረቅ፥ ወቅጦ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት መንፋት፥ ከዚያም ኮምጣጣነቱን፥ ፎስፈረሱንና የሸክላውን መጠን መለካት ነው። ሥርዓቱ ናሙናን ከብልሽት ስለሚጠብቅ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ይብሰት የአፈርን ባሕርይ አይለውጥም የሚለው ግምት አብሮት ስለሚሄድ፥ ግምቱን መመርመር ተገቢ ነው።

የዋልካ ገበሬ በበጋ የተሰነጠቀው መሬት በክረምት ተመልሶ ሲገጥም ያያልና፥ አፈር ሁሉ ከድርቀት የሚመለስ ይመስለዋል። ከእሳተ ገሞራ አመድ የሚወለደው፥ በጃፓንኛ «አን» ጥቁር «ዶ» አፈር ከማለት አንዶሶል የተባለው አፈር ግን አይመለስም። በውስጡ ያለው አሎፋን የተባለ ማዕድን ስፋቱ 5 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ረቂቅ ባዶ ሉል ነው፤ ውሃው ሲተን ሉሎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ፥ ዳግመኛ ቢነከሩም በሙሉ አይላቀቁም። ስለዚህ በርጡብነቱ ሸክላ የነበረው ከደረቀ በኋላ ደለል ወይም አሸዋ ሆኖ ይቆጠራል፤ ውሃ የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። የአሜሪካ የአፈር አመዳደብ ሥርዓት እነዚህን አፈሮች በ1990 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ክፍል ሲሰጣቸው፥ በ1500 ኪሎፓስካል ግፊት የሚቀረውን ውሃ ከደረቀውም ካልደረቀውም ናሙና እንዲለካ የወሰነው ለዚህ ነው።

የቡሬ ቀይ አፈር ኒቲሶል እንጂ አንዶሶል አይደለም፤ ማዕድኑ በአብዛኛው ካኦሊናይትና የብረት ኦክሳይድ ስለ ሆነ፥ ጅብራና አስታ በሚበቅሉበት በጮቄ ተራራ ውርጭ የሚገኘውን አንዶሶል ያህል በድርቀት አይጎዳም። ይሁን እንጂ እርሱም ሲደርቅ የሚለቀቀው ማንጋኒዝ ከፍ ይላል፤ የሞቱት ረቂቃን ሕዋሳትም የያዙትን ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይለቅቃሉ። ለኮምጣጣ ማሳ ኖራና ማዳበሪያ የሚታዘዘው በቤተ ሙከራ ቁጥር ነውና፥ ይህን ቸል ማለት በእኔ አስተያየት በገበሬው ገንዘብ መፍረድ ነው።

እንግዲህ ናሙና የምትቀበሉ ባለሙያዎች ሆይ፥ ከጮቄ ከፍታ የመጣውን አፈር ቢያንስ ግማሹን ርጥበቱ ሳይጠፋ አሽጋችሁ ለኩት፤ ውጤቱን በ105 ዲግሪ በደረቀ ክብደት አስሉት፤ በመዝገቡም ላይ ርጡብ ወይም ይቡስ መሆኑን ጻፉ።